በሽጉጥ ውስጥ ጥይት ሲቀረቀር ሊወሰዱ የሚገባቸው የጥንቃቄ እርምጃዎች

መግቢያ

የጦር መሣሪያ በሕጋዊ ፈቃድ የያዘ ዜጋ ሁሉ ሊገጥመው የሚችል ችግር አለ። ምላጩ ተስቦ ጥይቱ ሳይተኮስ ይቀራል፤ ወይም ከወትሮው የተለየ ደካማ ድምፅ ብቻ ይሰማል፤ ወይም ሽጉጡን ለማራገፍ ሲሞከር የላይኛው ብረት አልከፈት ይላል። በተለምዶ «ከሸፈ» ወይም «ነከሰ» የሚባለው ይህ ሁኔታ ብዙውን ጊዜ አደጋ የሚያደርሰው በተከሰተበት ቅጽበት ሳይሆን ከዚያ በኋላ ነው። ባለ መሣሪያው በመዶሻ፣ በሽቦ፣ በጉጠት ወይም በእሳት ችግሩን ራሱ ለመፍታት ሲሞክር በራሱ፣ በቤተሰቡና በጎረቤቱ ላይ ጉዳት ያደርሳል።

ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ሽጉጥ በሕጋዊ መንገድ ለያዙ ዜጎች፣ በውርስ ወይም በሌላ ምክንያት መሣሪያ በቤታቸው ለሚያገኙ ቤተሰቦች እና አብረዋቸው ለሚኖሩ ሰዎች ነው። ዓላማው የጥገና ሥልጠና መስጠት አይደለም። ባለ መሣሪያው ራሱ ሊያከናውነው የሚገባው የት ድረስ እንደሆነ፣ የት ላይ ማቆም እንዳለበት እና ለማን ማስታወቅ እንደሚገባው ማሳወቅ ነው።

በአጭሩ

• የተቀረቀረ ጥይት ሁሉ ሊተኮስ እንደሚችል ጥይት ይቆጠር።
• አፈሙዙ ሰው ወደሌለበትና አረር ሊያስቆም ወደሚችል አቅጣጫ ይመለስ፤ ጣት ከምላጭ ይውጣ።
• ቢያንስ 30 ሰከንድ፣ ቢቻል አንድ ደቂቃ ሙሉ ሳይንቀሳቀሱ ይጠበቅ።
• ድምፁ ደካማ ከነበረ ሌላ ጥይት ፈጽሞ አይቀባበል፤ አይተኮስ።
• በእጅ ኃይል ብቻ ካልከፈተ ሥራው ያበቃል፤ ለፖሊስ ይታወቅ።

የክፍሎቹ ስያሜ

በዚህ ጽሑፍ የምንጠቀምባቸው ቃላት የሚከተለው ትርጉም አላቸው።

አፈሙዝ፦ አረሩ የሚወጣበት የበርሜሉ የፊት ጫፍ ነው።
በርሜል፦ አረሩ እየተሽከረከረ የሚያልፍበት የብረት ቱቦ ነው።
ጥይት ማጉረሻ፦ ጥይቱ ከመተኮሱ በፊት የሚቀመጥበት የበርሜሉ የኋላ ክፍል ነው።
ካዝና፦ ጥይቶች የሚደረደሩበትና ከመያዣው ሥር የሚገባው ዕቃ ነው፤ አንዳንዶች ካርታ ይሉታል።
የላይኛው ብረት፦ ሽጉጡን ለማቀባበል ወደ ኋላ የሚሳበው ተንሸራታች ክፍል ነው።
ምላጭ፦ ለመተኮስ በጣት የሚሳበው ክፍል ነው፤ ብዙ ሰው በንግግር ቃታ ይለዋል።
ጥይት፦ ሙሉው ነገር ሲሆን ቀለሃን፣ ባሩድን፣ አረርን እና በቀለሃው ግርጌ መካከል ላይ የምትገኘውን አቀጣጣይ ቆብ ያጠቃልላል።

ጥይት ሲተኮስ የመምቻው መርፌ አቀጣጣይ ቆቧን ይመታል፤ ቆቧ ባሩዱን ታቀጣጥላለች፤ ከባሩዱ የሚወጣው ጋዝ አረሩን በበርሜሉ ውስጥ ይገፋል። በብዛት በሚታወቀው የ9 በ19 ሚሊ ሜትር ጥይት ውስጥ የሚፈጠረው ግፊት ከከባቢ አየር ግፊት ከ2,000 ጊዜ በላይ ሊደርስ ይችላል። የመኪና ጎማ ውስጥ ያለው ግፊት ከሁለት እስከ ሦስት ጊዜ ገደማ መሆኑን ስናስብ የነገሩ ክብደት ግልጽ ይሆናል። ይህ ግፊት መውጫ ካጣ ብረቱን ይቀዳል።

ጥይት የሚቀረቀርባቸው አራት ሁኔታዎች

አንደኛ፦ ምላጭ ተስቦ ምንም ድምፅ አለመሰማቱ። መርፌው ቆቧን ደካማ መትቷት፣ ቆቧ በእርጥበት ተበላሽታ ወይም ጥይቱ አሮጌ ሆኖ ሊሆን ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ ጥይቱ አይተኮስም። ነገር ግን አልፎ አልፎ ቆቧ ዘግይታ ባሩዱን ልታቀጣጥል ትችላለች፤ መጠበቅ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ሁለተኛ፦ ደካማ ድምፅ ተሰምቶ አረሩ በበርሜሉ ውስጥ መቅረቱ። በቀለሃው ውስጥ ባሩድ ካልነበረ ወይም ባሩዱ ከራሰ የአቀጣጣይ ቆቧ ኃይል ብቻ አረሩን ከቀለሃው አላቆ በበርሜሉ ውስጥ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ሊያስገባውና እዚያው ሊተወው ይችላል። ከአራቱ ሁኔታዎች እጅግ አደገኛው ይህ ነው። ደካማው ጥይት የላይኛውን ብረት ወደ ኋላ ለመግፋት በቂ ኃይል ስለማይኖረው ሽጉጡ በራሱ አያቀባብልም። ባለ መሣሪያው በልማድ እጁን ሰዶ ያቀባብላል፤ ሁለተኛ ጥይት ይጎርሳል፤ ምላጩን ይስባል። ሁለተኛው አረር የመጀመሪያውን ሲያገኝ በርሜሉ ሊያብጥ ወይም ሊፈነዳ ይችላል። ተኳሹ እጁን፣ ዓይኑን ወይም ሕይወቱን የሚያጣው በዚህ ጊዜ ነው።

ሦስተኛ፦ ሙሉ ጥይት በማጉረሻው ውስጥ ተጣብቆ አለመውጣቱ። ዝገት፣ ቆሻሻ፣ የተቀጠቀጠ ወይም ያበጠ ቀለሃ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ለሽጉጡ ያልተሠራ ጥይት ለዚህ ምክንያት ይሆናሉ። ይህ ጥይት ቆቧ ያልተመታች፣ ባሩዱ ሙሉ የሆነ፣ ለመተኮስ የተዘጋጀ ጥይት ነው።

አራተኛ፦ የተተኮሰ ጥይት ባዶ ቀለሃ ተቀርቅሮ መቅረቱ። ከሌሎቹ አንጻር አደጋው አነስተኛ ነው። ሆኖም በካዝናው ውስጥ ሌሎች ጥይቶች ስለሚኖሩ ጥንቃቄው አንድ ዓይነት ነው።

ከውጭ ሆኖ መለየት አይቻልም

አንድ ሽጉጥ ተዘግቶ አልከፈት ሲል በውስጡ የቀረው አረር ብቻ ይሁን፣ ባዶ ቀለሃ ይሁን ወይም ሙሉ ጥይት በውጭ በመመልከት መለየት አይቻልም። ልዩነቱ ግን የሞትና የሕይወት ልዩነት ነው። አረር ብቻ ከሆነ በአግባቡ የሠለጠነ ባለሙያ በተገቢው ዘንግ ገፍቶ ሊያወጣው ይችላል። ሙሉ ጥይት ከሆነ ግን ያው ከአፈሙዝ የሚገባ ዘንግ አረሩን ወደ ቀለሃው ይገፋል፤ ጥይቱም ሊተኮስ ይችላል። ዘንጉም አረሩም ወደ ያዘው ሰው ይመለሳሉ።

«ወንድሜ በሽቦ ገፍቶ አውጥቶታል፤ ምንም አልሆነም» የሚለው ወሬ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። ያ ሰው ምንም ያልሆነው ውስጡ የነበረው አረር ብቻ ስለነበረ ወይም በአጋጣሚ ስለተረፈ ነው። ቀጣዩ ሰው ግን ሙሉ ጥይት ላይ ሽቦ ሊልክ ይችላል። ስለዚህ የተቀረቀረ ነገር ሁሉ ሙሉ ጥይት ነው ብሎ መነሳት ግዴታ ነው።

ደረጃ በደረጃ መወሰድ ያለባቸው እርምጃዎች

1. አፈሙዙን ይቆጣጠሩ። ሽጉጡን ባለበት አቅጣጫ ያቆዩት፤ ዘወር ብለው ለሰው አያሳዩ፤ ወደ ፊትዎ አቅርበው አይመልከቱ። ጣትዎን ከምላጩ አውጥተው በመያዣው ጎን ላይ ያሳርፉ።

2. የአቅጣጫ ምርጫዎ ትክክል መሆኑን ያረጋግጡ። የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ክዳን፣ የእንጨት በርና ቀጭን የብሎኬት ግድግዳ የሽጉጥ አረር እንደሚያስቆሙ አድርጎ መተማመን አይገባም። ወደ ሰማይ ማድረግም መፍትሔ አይደለም፤ የወጣው አረር መውረዱ አይቀርም፤ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ሊያርፍ ይችላል። ድንጋይ፣ አስፋልትና የሲሚንቶ ወለል አረሩን ያነጥሩታል። የሚመረጠው ለስላሳ የአፈር ቁልል፣ የአፈር ዳገት ወይም በአሸዋ አልያም በአፈር የተሞሉ ተደራራቢ ጆንያዎች ነው።

3. ሰዎችን ያርቁ። ልጆች፣ አረጋውያንና ተመልካቾች ከኋላዎ ርቀው እንዲሄዱ በግልጽ ድምፅ ይንገሩ። «አይዞህ፣ ባዶ ነው» የሚል ሰው ቢኖርም አይቀበሉ።

4. ይጠብቁ። አፈሙዙ በዚያው አቅጣጫ እንዳለ ቢያንስ 30 ሰከንድ፣ ቢቻል አንድ ደቂቃ ይቁሙ። ዘግይቶ የሚተኮስ ጥይት ካለ በዚህ ጊዜ ውስጥ ራሱን ይገልጣል።

5. የሰሙትን ድምፅ ያስታውሱ። ድምፁ ከወትሮው ደካማ ከነበረ፣ እጅዎን የገፋው ኃይል ትንሽ ከነበረ ወይም ጭስ ከአፈሙዙ ይልቅ ከጎን ከወጣ አረሩ በበርሜሉ ውስጥ ቀርቷል ብለው ይውሰዱ። ካዝናውን አውጥተው ከዚያ በላይ ምንም አያድርጉ፤ በቀጥታ ወደ ደረጃ 8 ይሂዱ።

6. ካዝናውን ያውጡ። ሌላ ጥይት ወደ ማጉረሻው እንዳይገባ ቀዳሚው ሥራ ይህ ነው። ካዝናው መውጣቱ ግን ሽጉጡን ባዶ አያደርገውም፤ በማጉረሻው ውስጥ ያለው ጥይት እዚያው አለ።

7. የላይኛውን ብረት በእጅ ኃይል ብቻ አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ወደ ኋላ ለመሳብ ይሞክሩ። ሲስቡ ጥይት የሚወጣበትን ቀዳዳ በመዳፍዎ አይሸፍኑ፤ እየወጣ ያለ ጥይት ቆቧ ከብረት ጋር ተጋጭታ ሊፈነዳ ስለሚችል ነው። ጥይቱ ከወጣ የላይኛውን ብረት ክፍት አድርገው ማጉረሻው ባዶ መሆኑን በዓይንና በትንሽ ጣት ያረጋግጡ። የወጣውን ጥይት መልሰው አያጉርሱ፤ ለብቻው ያስቀምጡ።

8. ካልከፈተ ያቁሙ። ሽጉጡን አፈሙዙ ወደ አፈር ቁልሉ ወይም ወደ ጆንያው እንደተመለሰ በቀስታ ያስቀምጡት። ቦታውን ይዝጉ፤ አንድ ለአካለ መጠን የደረሰ ኃላፊነት የሚሰማው ሰው በርቀት ይጠብቅ። ቀጥለው ለፖሊስ ያሳውቁ።

በሚሽከረከር ሽጉጥ ላይም መርሁ አንድ ነው። በዚህ ዓይነት ሽጉጥ የቀረ አረር ግማሹ በበርሜሉ፣ ግማሹ በተሽከርካሪው ክፍል ውስጥ ሆኖ መሽከርከሩን ሊያግደው ይችላል። በኃይል ለማዞር መሞከር ፈጽሞ አይገባም፤ ሌሎቹ ጥይቶች በየቦታቸው ጎርሰው ተቀምጠዋል።

ፈጽሞ መደረግ የሌለባቸው

• በአፈሙዝ በኩል ሽቦ፣ ሚስማር፣ ብረት ወይም ዘንግ አስገብቶ መምታት ወይም መግፋት።
• የላይኛውን ብረት በመዶሻ፣ በድንጋይ ወይም በጠረጴዛ ጠርዝ ላይ መምታት።
• ሽጉጡን በእሳት፣ በከሰል ወይም በፈላ ውኃ ማሞቅ። ባሩድና አቀጣጣይ ቆብ በሙቀት ይቀጣጠላሉ።
• በመሰርሰሪያ መብሳት፣ በመጋዝ መቁረጥ ወይም በጉጠት የቀለሃውን ግርጌ መጎተት።
• «ሌላኛው ይገፋዋል» በሚል ሌላ ጥይት መተኮስ።
• አፈሙዙን ወደ ዓይን አቅርቦ ብርሃን ይታይ እንደሆነ መመልከት።
• ሽጉጡን በወገብ፣ በቦርሳ ወይም በሕዝብ ማመላለሻ ተሽከርካሪ ይዞ ወደ ብረታ ብረት ሠራተኛ፣ ወደ ብየዳ ቤት ወይም ወደ መኪና ጋራዥ መሄድ። እነዚህ ባለሙያዎች በሙያቸው የተመሰገኑ ቢሆኑም የጦር መሣሪያ ለመጠገን ፈቃድም ሥልጠናም የላቸውም።
• ሽጉጡን ወይም የከሸፈውን ጥይት በቆሻሻ ገንዳ፣ በመጸዳጃ ጉድጓድ ወይም በወንዝ መጣል። ልጆች ያገኙታል፤ ቆሻሻ በሚቃጠልበት ቦታም ጥይቱ ይፈነዳል።

ለማን እና እንዴት ማሳወቅ እንደሚቻል

የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 የጦር መሣሪያን የመቆጣጠር ኃላፊነት ለፌዴራል ፖሊስ ኮሚሽን ሰጥቷል። ለዜጋው የመጀመሪያው በር ግን በአቅራቢያው የሚገኘው ፖሊስ ጣቢያ ነው። በአዲስ አበባ በ991 ለፖሊስ መደወል ይቻላል። ስልክ በማይሠራበት አካባቢ በቀበሌ አስተዳደር ወይም በማኅበረሰብ አቀፍ ፖሊስ አባል በኩል ማስታወቅ ይቻላል።

ሲያሳውቁ መሣሪያውን ይዘው አይሂዱ። ጥይት የተቀረቀረበት ሽጉጥ ይዞ ሳያስታውቅ ወደ ፖሊስ ጣቢያ የሚገባ ሰው በጥበቃ ላይ ላሉ አባላትና ለተገልጋዮች አደጋ ይፈጥራል፤ በራሱ ላይም አለመግባባት ያመጣል። መሣሪያውን ባለበት ትተው በስልክ ወይም በአካል ቀርበው የሚከተለውን ይግለጹ።

1. የሽጉጡ ዓይነት፣ የሚያውቁ ከሆነ የጥይቱ መጠን፤
2. ምላጭ ተስቦ እንደሆነና ከሆነም መቼ፤
3. የተሰማው ድምፅ ሙሉ፣ ደካማ ወይም ምንም እንደነበረ፤
4. ካዝናው ወጥቷል ወይስ አልወጣም፤
5. መሣሪያው አሁን የት እንዳለ፣ አፈሙዙ ወደየት እንደሆነ እና ማን እየጠበቀው እንደሆነ፤
6. ከዚህ በፊት ለማውጣት የተሞከረ ነገር ካለ ምን እንደሆነ።

ስድስተኛው ነጥብ እጅግ አስፈላጊ ነው። ሽቦ ገብቶ ተሰብሮ ከሆነ፣ በመዶሻ ተመትቶ ከሆነ ወይም ዘይት ተጨምሮበት ከሆነ ሊረዳዎት የሚመጣው ባለሙያ ማወቅ አለበት። ኀፍረት ወይም ፍርሃት ይዞ መደበቅ የባለሙያውን ሕይወት አደጋ ላይ ይጥላል።

የመሣሪያ ፈቃድ ደብተርዎን ወይም ማስረጃዎን፣ እንዲሁም መታወቂያዎን ያዘጋጁ። ባለ ፈቃዱ በሕይወት ከሌለ ወይም ከአካባቢው ርቆ ከሆነ ቤተሰቡ ይህንኑ ይግለጽ።

በውርስ የተገኘ ወይም በቤት ውስጥ የቆየ ሽጉጥ

በብዙ ቤት አባት ወይም አያት ሲያልፉ ሽጉጣቸው ከሣጥን ሥር፣ ከመደብ ሥር ወይም ከግድግዳ ስንጥቅ ይገኛል። አልፎ አልፎም በጨርቅ እንደተጠቀለለ፣ ዝጎ፣ ጥይት እንደጎረሰ ይሆናል። እንዲህ ያለውን ሽጉጥ ያገኘ ቤተሰብ «ባዶ መሆኑን ላረጋግጥ» ብሎ ማቀባበል ወይም ምላጭ መሳብ አይገባውም። ዝገት ጥይቱን ከማጉረሻው ጋር አጣብቆት፣ ደህንነት መቆለፊያውም ሥራውን አቁሞ ሊሆን ይችላል።

ጥይት ማርጀቱ አይተኮስም ማለት አይደለም። በደረቅ ቦታ የተቀመጠ ጥይት ከተሠራ ከአሥርት ዓመታት በኋላም ሊተኮስ ይችላል። ስለዚህ ሽጉጡ ከተገኘበት ሳይነሣ፣ ልጆችና ሌሎች የቤተሰብ አባላት ከክፍሉ ወጥተው፣ በሩ ተዘግቶ ለፖሊስ ማሳወቅ ይገባል። ለቅሶ ላይ ያለ ቤተሰብ ይህን ጉዳይ ከአርባ በኋላ ወይም ከተዝካር በኋላ ለማየት ሊያቆየው ይፈልግ ይሆናል። ቤቱ በእንግዳና በልጆች የተሞላው ግን በዚያው ሰሞን በመሆኑ ማሳወቁ ለሌላ ቀን መተላለፍ የለበትም።

ጥይት እንዳይቀረቀር የሚረዱ ቅድመ ጥንቃቄዎች

ትክክለኛውን ጥይት መጠቀም። ከሚታወቁት የሽጉጥ ዓይነቶች መካከል ማካሮቭ 9 በ18፣ ቶካሬቭ 7.62 በ25 ሚሊ ሜትር ጥይት ይጠቀማሉ። ሌሎች በርካታ ሽጉጦች ደግሞ 9 በ19 ይጠቀማሉ። «ዘጠኝ ሚሊ ሜትር ሁሉ አንድ ነው» የሚለው አባባል ስሕተት ነው። የማካሮቭ አረር ከ9 በ19 አረር በጥቂቱ ወፍራም ሲሆን፣ የ9 በ19 ቀለሃ ደግሞ ከማካሮቭ ቀለሃ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ይረዝማል። አንዱ በሌላው ሽጉጥ ውስጥ ሲገባ ግማሽ መንገድ ላይ ይቀረቀራል። እንዲሁም የቶካሬቭ ጥይት ከአሮጌው የማውዘር ሽጉጥ ጥይት ጋር በመጠን እጅግ ይቀራረባል፤ ግፊቱ ግን ከፍ ያለ በመሆኑ አሮጌውን ሽጉጥ ሊጎዳ ይችላል። ከመጠቀም በፊት በበርሜሉ ወይም በላይኛው ብረት ላይ የተቀረጸውን ጽሑፍ ከጥይቱ ማሸጊያ ጋር ማመሳከር ያስፈልጋል።

የተጎዳ ጥይትን መለየት። አረንጓዴ ዝገት የያዘ፣ የተቀጠቀጠ፣ አረሩ የላላ ወይም ወደ ውስጥ የገባ፣ ውኃ ውስጥ የቆየ ጥይት አይጎረስ። በቤት ውስጥ ባሩድ ተሞልቶ የተሠራ ወይም ምንጩ ያልታወቀ ጥይት መጠቀም በርሜል ውስጥ ለሚቀር አረር ዋነኛ ምክንያቶች ከሆኑት አንዱ ነው።

በርሜሉን ንጹሕ ማድረግ። አቧራ እንዳይገባ በሚል በአፈሙዝ ጨርቅ መወተፍ በብዙ አካባቢ የተለመደ ነው። ጨርቁ ተረስቶ ሲተኮስ ግን እንደተቀረቀረ አረር ግፊቱን ያግዳል። ጭቃ፣ አፈርና የደረቀ ቅባትም ተመሳሳይ ውጤት አላቸው። ሽጉጡ ወድቆ አፈር ከነካ ተራግፎ ሳይጸዳ አይተኮስ።

ዘይትን በልክ መጠቀም። ከልክ ያለፈ ዘይት ወደ ጥይቱ ግርጌ ሰርጎ አቀጣጣይ ቆቧን ያበላሻል፤ ጥይቱም ይከሽፋል። በቀጭኑ ቀብቶ ትርፉን በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ይበቃል። ጥይቶች ራሳቸው ዘይት አይቀቡም።

በደረቅ ቦታ ቆልፎ ማስቀመጥ። በተለይ በክረምት ወራት የጭቃ ግድግዳና የአፈር ወለል እርጥበት ይይዛሉ። ሽጉጡና ጥይቱ ለየብቻ፣ ከወለል ከፍ ባለ፣ በተቆለፈ ሣጥን ውስጥ ይቀመጡ፤ ቁልፉ ከልጆች እጅ ይራቅ።

የሕግ ኃላፊነት

መሣሪያ የመያዝ ፈቃድ መሣሪያውን የመጠገን ፈቃድ አይደለም። ከዚህም ባሻገር በጥንቃቄ ጉድለት ለሚደርስ ጉዳት ባለ መሣሪያው በወንጀል ይጠየቃል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን፣ በአንቀጽ 559 በቸልተኝነት የአካል ጉዳት ማድረስን ያስቀጣል። «ባዶ መስሎኝ ነበር» ማለት ከተጠያቂነት ነጻ የሚያወጣ ምክንያት አይደለም፤ ባዶ መሆኑን ማረጋገጥ የያዘው ሰው ግዴታ ነውና።

ጉዳት ከደረሰ

በመጀመሪያ ሽጉጡ ሌላ ሰው እንዳይጎዳ አፈሙዙ ወደ አፈር ይመለስ። የሚፈሰውን ደም በንጹሕ ጨርቅ በቀጥታና በጽኑ ተጭኖ መያዝ ያስፈልጋል፤ ጨርቁ ቢርስ ሳያነሡ ሌላ መደረብ ነው። ከእጅ ወይም ከእግር የሚፈሰው ደም በመጫን ካልቆመ ከቁስሉ ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ መገጣጠሚያ ላይ ሳይሆን፣ በሰፊ ጨርቅ አጥብቆ ማሰርና የታሰረበትን ሰዓት መጻፍ ይገባል። በቁስሉ ውስጥ የቀረ የብረት ስባሪ አይነቀል። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል።

ተደጋግመው የሚነሡ ጥያቄዎች

ዘይት አፍስሼበት ባሳድረው ጥይቱ ይበላሽ ይሆን?
በዚህ መተማመን አይቻልም። ዘይት ቆቧን ሊያበላሽም ላያበላሽም ይችላል። ውጤቱ የማይታወቅ ሙከራ ባለሙያውን የሚያሳስት እንጂ አደጋውን የሚቀንስ አይደለም።

ጥይቱ ራሱ ወጣ፤ ሽጉጡን መጠቀም እችላለሁ?
የወጣው ጥይት ሙሉ ከሆነ፣ ማለትም አረሩ ከቀለሃው ጋር ከሆነ፣ በርሜሉ ውስጥ ከዚያ ጥይት የቀረ አረር የለም። ሆኖም የከሸፈበት ምክንያት ሳይታወቅ ሽጉጡ ጥቅም ላይ አይዋል። የወጣው ቀለሃ ብቻ ከሆነና ድምፁ ደካማ ከነበረ ግን አረሩ በበርሜሉ ውስጥ ሊኖር ስለሚችል ሽጉጡ ለምርመራ ይሰጥ።

የከሸፈውን ጥይት ምን ላድርገው?
ከሌሎች ጥይቶች ለይተው፣ ከሙቀትና ከልጆች አርቀው፣ በኪስ ሳይሆን በትንሽ ዕቃ አስቀምጠው ለፖሊስ ያስረክቡ።

የፈቃዴ ጊዜ አልፏል፤ ባሳውቅ እቀጣለሁ ብዬ እሰጋለሁ።
የፈቃዱ ጉዳይ በሕጉ መሠረት በሚመለከተው አካል ይታያል። ጥይት የተቀረቀረበትን ሽጉጥ መደበቅ ግን ጉዳዩን አያቀልለውም፤ ሰው ከተጎዳ በኋላ የሚቀርበው ጥያቄ እጅግ የከበደ ይሆናል።

ፖሊስ እስኪመጣ ረጅም ጊዜ ቢወስድስ?
አፈሙዙ ወደ አፈር ተመልሶ፣ ክፍሉ ተዘግቶ፣ ሰው ርቆ እስከተጠበቀ ድረስ መዘግየቱ አደጋ አይጨምርም። አደጋው የሚመጣው በመካከል ሰው ሲነካው ነው።

ማሳሰቢያ

በሽጉጥ ውስጥ የተቀረቀረ ጥይት የባለ መሣሪያውን ጉብዝና የሚፈትን ነገር አይደለም። ከባለ መሣሪያው የሚጠበቀው አፈሙዙን መቆጣጠር፣ መጠበቅ፣ ካዝናውን ማውጣት፣ በእጅ ካልከፈተ ማቆምና ማሳወቅ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የሠለጠነና ፈቃድ ያለው ባለሙያ ድርሻ ነው። መሣሪያ የያዙ ዜጎች ይህን መመሪያ ለቤተሰቦቻቸው አባላት፣ በተለይም ቤት ለሚጠብቁና ልጆች ለሚያሳድጉ፣ አስቀድመው እንዲያስረዱ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቱ ያሳስባል።